ከካቡ አናት እስከ ግርጌው፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ትንሽ ጓሮ የትኛው ተክል ይሻላል?

የጓሮዬ ካብ ሆዱን ያወጣው በነሐሴ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ ያደረው ዝናብ ንጋት ላይ ሲያባራ ወደ ጓሮ ወጣሁና የሁለተኛው እርከን ካብ ከመሐሉ ወደ ፊት ገፍቶ አየሁት። አንድ ድንጋይ ከቦታው ተፈናቅሎ ጎመኑ ላይ ወድቋል። ድንጋዩ በተወው ክፍተት ውስጥ አውራ ጣት የሚያህል ሥር ጭቃ እንደለበሰ ይታያል። የግራቪሊያ ሥር ነው። ዛፉን የተከልኩት እኔው ነኝ፤ ቶሎ ያድጋል፣ ጥላ ይሆነኛል ብዬ፣ ከካቡ ጀርባ ሁለት ስንዝር በማይሞላ ርቀት ላይ።

ካቡን ፈትቶ እንደገና የካበልን ግንበኛ ሥሩን በመጥረቢያ እየቆረጠ «ካብ የሚጥለው ውሃ ነው፤ ይህ ደግሞ ለውሃው በር ከፈተለት» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ችግኝ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው ከካቡ የትኛው ክፍል ላይ እንደሚቆም ነው። የአበባው ቀለም ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ይህን የምጽፈው ከቤታቸው ጀርባ ጠባብና ዘቅዛቃ መሬት ላላቸው፣ ከጉልበት እስከ ወገብ በሚደርስ ካብ ሁለት ወይም ሦስት እርከን ለሠሩ ሰዎች ነው። ካባችሁ ከ1 ሜትር የሚበልጥ ከሆነ ወይም ከበላዩ የጎረቤት ቤት ካለ ከችግኝ በፊት መሐንዲስ ፈልጉ። ደሴ መሬቷ በመንሸራተት የምትታወቅ ከተማ ናት። የካብ ቁመት እጥፍ ሲሆን ከጀርባው የሚገፋው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ዝቅተኛው ካብም ቢሆን ቀላል ሸክም የለበትም፤ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ካለው ካብ ጀርባ 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መደብ ብትሠሩ፣ በየ1 ሜትር ርዝመቱ የሚይዘው አፈር በክረምት ውሃ ሲጠግብ ከ8 ኩንታል በላይ ይመዝናል።

ከሐረጎ በላይ ወይስ ከሐረጎ በታች?

ታላቅ እህቴ ኮምቦልቻ ትኖራለች። ችግኝ እንለዋወጣለን፤ ፌስታል ውስጥ የገባ ችግኝ በሚኒባስ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ይወጣል፣ ይወርዳል። ከሁለቱ አንዱ ይሞታል። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ደሴ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው ያሉት። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከ6 ዲግሪ በላይ ስለሚቀዘቅዝ በሁለቱ ከተሞች መካከል 4 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። 4 ዲግሪ ለሰው ሹራብ መደረብ ነው፤ ለፓፓያ ግን ሞት ነው።

ስለዚህ ደሴ ላይ የምትመርጡት ውርጭን በማሰብ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች የሚመታውን። ኮምቦልቻ ላይ የምትመርጡት ከክረምቱ በኋላ የሚመጣውን ረጅም ድርቀትና ሙቀት በማሰብ ነው። ክረምቱማ ለሁለቱም አንድ ነው፤ የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል፣ ካብም የሚፈተነው ያኔ ነው።

ስለ ውርጭ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለሚስተው። ቀዝቃዛ አየር ይከብዳል፣ እንደ ውሃም ቁልቁል ይፈሳል። ከጦሳ ተራራ የወረደው ብርድ በጓሮአችሁ ታችኛ ጫፍ ላይ ድፍን የግንብ አጥር ካገኘ እዚያው ይተኛል። የእኔ ታችኛ እርከን ቃሪያው በየታኅሣሡ ጥቁር ሆኖ ሲያድር፣ ሦስት ሜትር ከፍ ብሎ ያለው ምንም አይሆንም ነበር። አጥሩ ሥር አንድ ክንድ የምታህል ክፍተት አስከፍቼ በሽቦ ወንፊት ካስሸፈንኩት ወዲህ ጉዳቱ ቀንሷል። ድንጋይ በበኩሉ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል። ብርድ የሚፈራ ተክል ካላችሁ ቦታው በላይኛው እርከን፣ ፊቱን ወደ ደቡብ ካዞረ ካብ ሥር ነው።

ለምን ደቡብ? ፀሐይ በበጋ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ 2 ሜትር የሆነ አጥር ወደ ሰሜን 1 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል፤ በሰኔ ግን ጥላው ከግማሽ ሜትር ያነሰ ሲሆን የሚወድቀውም ወደ ደቡብ ነው። በክረምት ጠራራ ፀሐይ ያገኘ መደብ በኅዳር ቀኑን ሙሉ ጥላ ውስጥ ሊውል ይችላል። ደሴ ላይ በዚህ ላይ ጦሳ አለ፤ ምዕራቡን ስለያዘ የከሰዓት ፀሐይን ከሰዓቷ በፊት ይወስዳታል። ከመትከላችሁ በፊት በበጋም በክረምትም አንድ አንድ ቀን ጓሮውን በሦስት ሰዓት፣ በስድስት ሰዓትና በዘጠኝ ሰዓት ተመልከቱት። ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም።

ደረቅ ካብ ወይስ የሲሚንቶ ግንብ?

ያለ ሲሚንቶ የተደረደረ ደረቅ ካብ በየድንጋዩ መሐል ውሃ ያስተነፍሳል፤ ተክልም በፊቱ ላይ ይበቅልበታል። ጉዳቱ ወፍራም ሥር ገብቶ ድንጋይ ሲፈነቅል የሚይዘው ነገር አለመኖሩ ነው። የሲሚንቶ ግንብ ለሥር አይበገርም፤ ውሃ ግን ከጀርባው ይታጎርበታል። ስለዚህ ከግርጌው ከፍ ብሎ በየ1 ሜትር ተኩል ወይም በየ2 ሜትሩ ማስተንፈሻ ቀዳዳ፣ ከጀርባው ደግሞ አንድ ክንድ ያህል ጠጠር ያስፈልገዋል። ቀዳዳው ፊት ሥሩ የሚንሰራፋ ነገር መትከል ቱቦን በጨርቅ እንደ መወተፍ ነው። ሲሚንቶ አጠገብ ያለ አፈር ኖራ ስለሚበዛበት ሎሚና ብርቱካን እዚያ ቅጠላቸው ይገረጣል፤ ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መሐሉ ቢጫ ካደረገ ምክንያቱ ይኸው ነው።

አፈራችሁ ጥቁር ዋልካ ከሆነ ሌላም ጣጣ አለ። ዋልካ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በየዓመቱ ካቡን ይገፋል፣ ይለቀዋል። ከካቡ ጀርባ ያለውን አፈር አውጥታችሁ በጠጠር፣ በአሸዋና በደንብ በበሰለ ፍግ የተደባለቀ አፈር ብትመልሱበት ከማንኛውም ችግኝ የበለጠ ይጠቅማችኋል። አድካሚ ነው። እኔ ሁለት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል፣ ወገቤም ለሳምንት አልተቃናም።

አናቱ ላይ ምን ይቁም?

የካብ አናት የጓሮው በረሃ ነው። ውሃ አያድርበትም፣ ፀሐይ ከላይም ከፊትም ያገኘዋል፣ ድንጋዩ ይሞቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውሃ የሚወድ ነገር ተክሎ በየቀኑ በማጠጣት ነው፤ ያጠጣው ውሃ ደግሞ ቀጥታ ወደ ካቡ ጀርባ ይወርዳል። አናት ላይ የሚመረጠው ጥማት የሚችል፣ ሥሩ ቀጭንና ብዙ የሆነ፣ ከወገብ የማይበልጥ ተክል ነው።

የእኔ ምርጫ አደስ ነው፤ ሳላፍር ለአደስ አዳላለሁ። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፣ በመቀስ እንደ ፈለጋችሁት ይቀረጻል፣ ነጭ ትንሽ አበባ ያወጣል፣ በአጠገቡ ስታልፉ ልብሳችሁ ከነካው ጓሮውን ያውደዋል። ጎረቤቴ በየጊዜው መጥታ አንድ ዘለላ ትቆርጣለች፤ አድርቃ፣ ወቅጣ ከቅቤ ጋር ለፀጉሯ ታሸዋለች፣ እግረ መንገዷንም የከረከመችው ቁጥቋጦ ይበልጥ ይደፍናል። የአደስ ጉድለቱ ትዕግሥት መጠየቁ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የበቀለ አይመስልም። አንድ ዓመት አይታችሁ «ይህ አልያዘም» ብላችሁ እንዳትነቅሉት፤ እኔ አንዱን ነቅዬ ሥሩን ሳይ ከቅጠሉ ሦስት እጥፍ ነበር።

ጦስኝ ከአደስ የሚለየው መሬት ለመሬት በመሄዱ ነው። ቁመቱ ከአንድ ስንዝር ብዙም አይዘልም፤ ጫፉን ሸፍኖ በድንጋዩ ላይ ይንጠለጠላል፣ የካቡን ከንፈር ከዝናብ ጠብታ ይጠብቃል። ደጋ ወዳድ በመሆኑ ደሴ ቤቱ ነው። የሚገድለው ደግነት ነው፤ ፍግ ካበዛችሁበት፣ ጥላ ካጠላችሁበት ወይም በየቀኑ ካጠጣችሁት ይበሰብሳል። ደረቅ ካብ ካላችሁ ሥር ያለውን ቁራጭ በጭቃ ጠቅልላችሁ በድንጋዮቹ መሐል በሐምሌ ወትፉት፤ በመስከረም ለሻይ የሚሆን ትለቅማላችሁ። እህቴ ኮምቦልቻ ላይ ሁለት ጊዜ ሞክራው ሁለቱንም ጊዜ ቀጥኖ ረዝሞ ሞተባት።

ለኮምቦልቻ አናት የሚሻለው የጥብስ ቅጠል ነው። ሙቀትና ድርቀት አያስደነግጡትም፣ ንብ ይወደዋል፣ በክረምት የተሰካ ቅርንጫፍ በቀላሉ ሥር ያወጣል። ደሴም ላይ ይሆናል። ልብ በሉ፦ በየዓመቱ ጫፍ ጫፉን ካልከረከማችሁት መሐሉ እንጨት ሆኖ ይራቆታል፣ ያን እንጨት ብትቆርጡት ደግሞ እንደ አደስ መልሶ አያቆጠቁጥም። ስለዚህ ጥብስ ለሚወድ ቤት ተስማሚ ነው፤ በየሳምንቱ ይከረከማልና።

ጠጅ ሣር ሥሩ እንደ ምንጣፍ ስለሚጠላለፍ አፈር በመያዝ ከሦስቱም ይበልጣል። ደሴ ላይ ውርጭ ጫፉን ያቃጥለዋል፤ አጭዳችሁ ብትተዉት ግን በበልግ ዝናብ ይመለሳል። ኮምቦልቻ ላይ አንዱ ቁጥቋጦ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ የማታቅፉት ይሆናል። ጠባብ መተላለፊያ አጠገብ አትትከሉት፤ የቅጠሉ ጠርዝ እንደ ምላጭ ነው፣ ልጆች በየሩጫቸው ይቆረጣሉ።

ካብ ያልደረሰበት፣ አፈር ብቻ የሆነ ተዳፋት ካላችሁ ከዚህ ሁሉ ይልቅ ደሾ ወይም ቬቲቨር ሣር ይታሰባል። ቬቲቨር ሥሩን ቀጥ አድርጎ ወደ ታች 2 እና 3 ሜትር ይሰዳል፣ በዘርም አይዛመትም፤ የሚወደው ግን የኮምቦልቻን ሙቀት ነው፣ ብርድ ላይ ያዘግማል። ደሾ ለደሴ ይሻላል፤ በግ ላለው ቤት ደግሞ መኖ ነው። በግ የሌለው ሰው ደሾን ተክሎ በየወሩ የሚያጭደው ሣር ይገዛዋል፣ ለእሱ አልመክርም።

በካቡ ፊት ላይ፣ በድንጋዮቹ ስንጥቅ ውስጥ፣ እንዳሁላ እና እሬት ከምንም በማይቆጠር አፈር ላይ ይቆማሉ። እንዳሁላ ለከብትና ለበግ መርዝ ስለሆነ ካቡ አጠገብ የሚታሰር እንስሳ ካለ ተዉት።

መሐሉ፦ አትክልት፣ ግን የማይቆፈር

በእርከኑ መሐል ላይ ብዙ ክርክር የለም። ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ሐበሻ ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት ለሁለቱም ከተሞች ይሆናሉ፤ ቲማቲምና ቃሪያ ለኮምቦልቻ ይቀላሉ፣ ደሴ ላይ ከውርጭ በፊት እንዲደርሱ ቀድሞ መዝራት ያስፈልጋል። የምጨቃጨቀው በድንች ላይ ብቻ ነው። ድንች ለመንቀል መቆፈር የግድ ነው፤ ከካቡ ጀርባ በየዓመቱ የተቆፈረ አፈር ደግሞ ውሃ እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል። ድንች መብላት ካማራችሁ ከካቡ ቢያንስ አንድ እርምጃ ራቁ፣ ወይም አሮጌ ጆንያ ውስጥ አፈር ሞልታችሁ ትከሉት።

ግርጌው፦ ውሃው የሚያርፍበት

ከአናቱ የወረደው ውሃ ሁሉ ግርጌው ላይ ያርፋል። አናት ላይ የጠማው ጦስኝ እዚህ ይሰምጣል፤ አናት ላይ የሚደርቀው ኮባ ደግሞ እዚህ ይፈነጥዛል። ጓሮው 20 ካሬ ሜትር ቢሆንም የሁለት አገር አየር ይዟል ማለት ይቻላል።

ኮባ ትልቅ ነው፤ ከሰው ቁመት አልፎ ቅጠሉን ሲዘረጋ ትንሽ ጓሮ ሊውጥ ይችላል። ቢሆንም አንድ ኮባ ከግርጌው 1 ሜትር ያህል ርቃችሁ ብትተክሉ ውሃውን ይጠጣላችኋል፣ ሥሩ ለስላሳ ስለሆነ ድንጋይ አያነሣም፣ በዓል ሲመጣ የድፎ ዳቦ ቅጠል ከጎረቤት አትለምኑም። እኔ ቤት ለዳቦ ሁለት ቅጠል በተቆረጠ ቁጥር የቀረው ይበልጥ ይዘረጋል። ውርጭ ሲመታው ቅጠሉ ይደርቃል፣ ልቡ ግን አይሞትም። በረዶ ያዘነበ ዕለት ብቻ አትዩት፤ ተቦጫጭቆ ያረጀ መጋረጃ ይመስላል።

ጌሾ ከኮባ ያነሰ ቦታ ይወስዳል፣ ጥላም ይችላል፣ ከተገረዘ ከትከሻ በታች ይያዛል። ጠላ ለሚጠመቅበት ቤት ምርጫው እሱ ነው። ጠላ ለማይጠመቅበት ቤት ውበቱ ብቻውን በቂ አይመስለኝም። ናና ደግሞ እርጥብ ግርጌን ይወዳል፤ ፈጽሞ በነፃ አትልቀቁት። ሥሩ በአፈር ሥር እየተሳበ ማስተንፈሻ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ቂጡ የተቆረጠ አሮጌ ባልዲ ቅበሩና በውስጡ አኑሩት።

አንድ ዛፍ ብቻ

ትንሽ ጓሮ አንድ የፍሬ ዛፍ ይችላል። ሁለተኛውን ስትመኙ ወደ ውጭ ወጥታችሁ ጓሮውን በእርምጃ ለኩት። ቦታውን በተመለከተ ሰው ሁሉ ዛፉን ከካቡ ጀርባ፣ ከፍ ካለው ላይ መትከል ይወዳል፤ ከቤት ሲታይ ያምራልና። እኔ ከካቡ በታች፣ ከግርጌው አንድ ሜትር ተኩል ወደ ፊት እመርጣለሁ። እዚያ የዛፉ ክብደት ካቡን አይገፋም። ከላይ መሆን ካለበት ቢያንስ 2 ሜትር ወደ ኋላ ይሁን።

ደሴ ላይ ውድድሩ በኮክና በፖም መካከል ነው። ፖም ስሙ ገዝፎ ነው እንጂ ጣጣው ብዙ ነው። አንድ ፖም ብቻውን በደንብ አያፈራም፤ በአገራችን ደጋዎች ከተለመዱት ዝርያዎች አና የሚባለው ዶርሴት ጎልደን የሚባል ባልንጀራ በአቅራቢያው ሲኖረው ነው የሚያፈራው። ይህ ማለት ሁለት ዛፍ ነው፣ ያውም ለአንድ ዛፍ በሚበቃ ቦታ። ጎረቤታችሁ አንዱን ከተከለ እናንተ ሌላውን ትከሉ፤ ንብ አጥር አያውቅም። በተጨማሪ ፖም ዕረፍት የሚሰጠው ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ያ ካልበቃው ቅጠሉን በእጅ አርግፎ ማስተኛት በሐሩር አገር ደጋዎች የተለመደ ዘዴ ነው። ኮክ ብቻውን ያፈራል፣ በሦስተኛው ዓመት ገደማ ይቀመሳል፣ በመግረዝ በሰው ቁመት ይያዛል። ካልገረዛችሁት ግን ፍሬው እየሸሸ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ይወጣል፤ ዝንብም ይወደዋል፣ የወደቀውን በየቀኑ ካልለቀማችሁ ትሉ ለቀጣዩ ዓመት ይቀመጣል። ያም ሆኖ ለአንድ ጓሮ ኮክ ይበልጣል። ፖምን የምመክረው ከጎረቤቱ ጋር ለሚስማማ ሰው ነው።

ኮምቦልቻ ላይ አራት ተወዳዳሪ አለ። አቮካዶ በመጀመሪያው ዙር ይወድቃል። ፍሬው ቢጣፍጥም ዛፉ ቤት ያክላል፣ ሥሩ ውሃ ሲያጎር ይበሰብሳል፤ ዝቅተኛ ካብ ላለው ጓሮ አይሆንም። ሎሚ ጥሩ ነው፣ ከሲሚንቶ ግንብ ከራቀና እሾኹ ከመተላለፊያ ከተጠበቀ። ፓፓያ ለካብ በጣም የዋህ ነው፤ ሥሩ ለስላሳ፣ ጥላው ቀጭን፣ ቦታው ጠባብ። ዕድሜው ግን አጭር ነው፣ ውሃ ያደረበት ግርጌ ላይ በጥቂት ቀናት ይሞታል፣ ከዘር ከበቀለም ወንድ ሆኖ ሳያፈራ ሊቀር ይችላል። ሦስት ዘር አጠገብ ለአጠገብ ትከሉና አበባ ሲያወጡ ወንዱን ንቀሉት። ጣፋጭነቱን ከቆላው ፓፓያ ጋር አታወዳድሩት።

አሸናፊው ለእኔ ሮማን ነው። በመግረዝ ዝቅ ብሎ ይያዛል፣ ድርቅ ይችላል፣ ቀይ አበባው ከማንኛውም የጌጥ ተክል አያንስም። የእህቴ ሮማን ፍሬው ተሰነጣጥቆ እየተበላሸ አስቸግሯት ነበር። ምክንያቱ ውሃው ነበር፦ ሳምንት ትረሳውና በአንድ ቀን ሦስት ባልዲ ታፈስበታለች። ፍሬው ሲጠማና ሲጠግብ የሚለብሰው እኮ ያው አንድ ቆዳ ነው። በየሦስት ቀኑ ግማሽ ባልዲ ማድረግ ስትጀምር ስንጥቁ ቀረ።

ፈጽሞ የማይተከሉትን በስም ልጥራ፦ ባሕር ዛፍ፣ ግራቪሊያ፣ ዋርካና ሾላ፣ በማሰሮ እየተሸጠ ሳሎን የሚያምረው የጎማ ዛፍም ጭምር። የመጨረሻው የዋርካ ዘመድ ነው፤ ማሰሮው ሲጠበው አዝናችሁለት ጓሮ ካወጣችሁት ካቡን በሥሩ ያቅፈዋል።

አጥር

የፈረንጅ ጽድ ተከርክሞ ሲቆም ያምራል፤ ግን መሬቱን እስከ አንድ ሜትር ተኩል ያደርቀዋል፣ በጠባብ ጓሮ ይህ የአንድ ሙሉ መደብ ዋጋ ነው። ሰንሰል፣ ስሚዛም የሚሉት፣ በተሰካበት ይበቅላል፣ ፍየልና በግ አይበሉትም፣ ነጭ አበባው ንብ ይጠራል፤ ጉድለቱ በክረምት ፈርጥሞ ሁለት ጊዜ መከርከም መፈለጉ ነው። ደሴ ላይ እሱን እመርጣለሁ። ኮምቦልቻ ላይ ቦጋንቢል በአበባው ይበልጠዋል፤ እሾኹን ለሚችል ሰው አጥርም ጌጥም ነው፣ ደሴ ሲመጣ ግን ውርጭ ያንበረክከዋል። ቀጋ አገር በቀል ነው፣ ፍሬው ይበላል፣ ነገር ግን ለሰፊ ግቢ እንጂ ለእኛ አይሆንም። የወፍ ቆሎን ማንም በነፃ ቢሰጣችሁ አትቀበሉ። አበባው ዓይን ይስባል፤ ዘሩን ወፍ በየተዳፋቱ ይበትነዋል፣ በደቡብ ወሎ የግጦሽ መሬት ላይ ምን እንዳደረገ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ በመስኮት ማየት ይበቃል። ለከብትም መርዝ ነው።

ስትገዙና ስትተክሉ

ችግኝ ስትገዙ ረጅሙን አትምረጡ። ፕላስቲኩን ከሥር ገልበጥ አድርጋችሁ እዩ፤ ሥሩ ወጥቶ ከተጠመዘዘ ያ ችግኝ ከረጢቱ ውስጥ አርጅቷል፣ መሬት ከገባም በኋላ እንደ ተጠመዘዘ ይቀራል። የፍሬ ዛፍ ከሆነ የተዳቀለ መሆኑን ግንዱ ላይ ከሥሩ ከፍ ብሎ በሚታየው የመጋጠሚያ ጠባሳ ለዩ። ሻጩንም የት እንዳፈላው ጠይቁት። ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ያደገ ችግኝ ደሴ መጥቶ በቀጥታ ሜዳ ላይ ከወጣ ይደነግጣል፤ አንድ ሁለት ሳምንት በረንዳ ላይ አስለምዱት።

የመትከያው ጊዜ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ነው። በነሐሴ አፈሩ ጠግቦ ስለሚጨቀይ ከካብ ጀርባ አትቆፍሩ። አዲስ የተካበ ካብ ከሆነ ደግሞ አንድ ክረምት ባዶውን አሳልፉት፤ አፈሩ ይሰፍር፣ ካቡም የት እንደሚያስተነፍስ ያሳያችሁ። እኔ ይህን ስላልታገስኩ ሦስት የአደስ ችግኝ ከሰፈረው አፈር ጋር አንድ ስንዝር ሰምጠውብኛል።

የግራቪሊያው ጉቶ አሁንም አለ፤ ማስወጣቱ ካቡን ስለሚነካ በዚያው እንዲበሰብስ ተውነው፣ እህቴ የላከችው እንዳሁላ ከጎኑ በቅሏል። ባለፈው ሳምንት የሚኒባሱ ረዳት ሌላ ፌስታል አቀበለኝ። ከአፉ ያፈተለከውን ቅጠል ገና ከሩቅ አወቅሁት። እንደገና ፓፓያ ነው። ደወልኩላት።

«እትዬ፣ ደሴ ላይ ፓፓያ አይሆንም አላልኩሽም?»

«ደቡብ የሚያየው ካብ ሥር ትከለው፣ ብለህ ያስተማርከኝ አንተ አይደለህም?» አለችኝ።

በላይኛው እርከን፣ ድንጋዩ እስከ ማታ በሚሞቅበት ጥግ ተክዬዋለሁ። ለኅዳር የምደርብለት ጆንያም በረንዳው ላይ ተሰቅሏል።